አጋም በጠርሙስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በለስላሳ ፋብሪካ፣
ስኳር በውሃ ሳሟሟ፣ ቀለም በብልቃጥ ስለካ፣
«የእንጆሪ ጣዕም» የሚል ወረቀት ስለጥፍ
በጠርሙስ ወገብ ላይ፣ በሺህ በሺህ ሰልፍ፣
እንጆሪን በቁሟ አንድ ቀን አላየኋት፣
ከእሾኋ አልተጣላሁ፣ ከቅጠሏ አልለየኋት።

ጡረታ ወጣሁ። የካ አባዶ ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ቀን በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣
ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት
የብሪቱ ማሳ አለ፣ አጥሩ ያበደበት።
አጥር ስል ቆርቆሮ አይደለም፣ ብሎኬትም አይደለም፤
አጋም ከቀጋ ጋር የተናነቀበት ዓለም።

ኅዳር ነው፤ ማለዳ፤ ውርጩ ገና አልለቀቀም።
«ምን ጠፋህ?» አለች ብሪቱ፤ ማጭዷ ከእጇ አልወደቀም።
«ፍሬ» አልኳት።
«የቱን?»
እኔ ምን አውቄ፣
ቀይ ወዳየሁበት እጄን ሰደድኩ ቦርቄ።
በማጭዱ እጀታ ክንዴን መታ አደረገችና
«ቀይ ሁሉ አይበላም፤ ና!

ይሄ እንዶድ ነው። ልብስህን እጠብበት፣ ሆድህን አደራ።
ይሄ እምቧይ፤ ላሟም ታውቀዋለች፣ ዞራው ነው የምትሄደው፤
ብትክበው አይቆምም፣ ብትበላው አያቆምህም።
ቀጋን ልጣጩን ብላ፤ ሆዱ ፀጉር ነው፣
እሱን ከበላኸው መልሶ ይበላሃል፣ ጉሮሮህን።
ኮሽም ይኸውልህ፤ አንድ ዓይን ያስጨፍናል፣
ለጠርሙስ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል።
እንጆሪ ስትበስል ራሷ እጅህ ላይ ትመጣለች፤
ከተጎተተች ተዋት፣ ገና ናት።
አጋም ደግሞ...» ብላ አንዷን ቀነጠሰች፤
ቅንጥሷ ጫፍ ላይ ነጭ ወተት አንጠባጠበች።

ተረቱ የተጠጋውን ቁልቋል ነው የሚያስለቅስ፤
አጋሙም ለካ ያለቅሳል፣ ሰው እጁን ሲያደርስ።
«አረንጓዴው ያንቃል፤ ቀዩ ይዋሻል፤
ጥቁሩን እመነው» አለች።

ጣሳዬ ሞላ። እጄ ላይ እሾህ የጻፈውን
እስከ ዛሬ ማንበብ ይቻላል።

ቤቴ ገብቼ አጠብኩ፤ በእንጨት ዘነዘና ጨፈለቅኩ፤
አፍልቼ ባበረድኩት ውሃ፣ በእሷው ማር በጠበጥኩ፤
ኮሽም ጣል አድርጌ፣ በሻሽ አጥልዬ፣
አምስት ጠርሙስ ሞላሁ፣ «የእጄ ሥራ!» ብዬ።
ክዳኑን ግን፣ የፋብሪካ ልማድ፣ ጥርቅም አድርጌ
ደረደርኩት ከምድጃው ግርጌ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
ጧ!

«ተኩስ ነው!» አለ ደረጃው። «ትራንስፎርመር ነው!» አለ ፎቁ።
ዘርጋው ጥበቃው በባትሪ፣ ልጆች በፒጃማ፣ በሬን አጨናነቁ።
ከታች ያለችው ውዳላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጥን፣
ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ጠብ ጠብ የሚለውን፣
«ደም!» ብላ ጮኸች።
«አጋም» አልኩ።
ዝም አሉ።

ዘርጋው ጠረጴዛውን በጣቱ ጠረገና ላሰ፤
ባትሪውን አጥፍቶ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ፦
«ኮሽም ገብቶበታል» አለ፣ ልክ እንደ ዳኛ።
«ሌላ አለ?»

ሁለተኛውን፣ መታጠቢያ ውስጥ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ትንፋሹን ቀስ በቀስ እንደ ሕፃን አባብዬ
ከፈትኩት። በሻይ ብርጭቆ፣ ለሰው አንዳንድ ጉንጭ ደረሰ።
ውዳላት አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ሳቋ ፈሰሰ።

ብሪቱ ስትሰማ ማሳው ላይ ቁጭ አለች፣ ሳቁ ሲበዛባት፤
«አጥር ላይ ያደገን ነገር» አለች፣ «ክዳን አታጥብቅበት።»

የጣሪያው እድፍ አለ። ቀለም ቀቢ አላስገባሁም።
በቀሩት ሦስት ጠርሙሶች ወረቀት ለጥፌያለሁ፤
«ጣዕም» የምትል ቃል ግን አልጻፍኩም፦
«አጋም። የብሪቱ አጥር። ኅዳር።
ክዳኑ ላላ ይበል።»